የተሰፋው እጥፋት

የከተማው ባቡር፣ ሽትራሰንባኑ፣ ከሽቫንሃይም ሰፈር ተነሥቶ የጫካውን ዳር ይዞ ሲሮጥ፣ ጽገወይኒ ካርቶኑን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ ደግፋዋለች። ባቡሩ በታጠፈ ቁጥር ሰውነቷ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ ካርቶኑ ግን ንቅንቅ አይልም። አስመራ ሳለች ሃያ ዓመት ሙሉ የሙሽራ ቀሚስ በአውቶቡስ እያደረሰች የኖረች ልብስ ሰፊ ስለሆነች፣ ይህን የምታደርገው ሳታስበው ነው።

አጠገቧ የተቀመጠችው የጎረቤቷ ልጅ ዶርቃ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከረጢቷ ውስጥ እግሯ ላይ የሚታሰሩ የነሐስ ቃጭሎች አሉ፤ ለእያንዳንዱ እግር መቶ መቶ፣ ቆዳ ላይ ተደርድረው የተሰፉ። ባቡሩ ሲንገጫገጭ ከረጢቱ አብሮ ይንሿሿል። ፊት ለፊት የተቀመጡት ጀርመናዊ ሽማግሌ ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው ሁለት ጊዜ አዩዋቸው።

«እጅሽን ጫኝበት» አለች ጽገወይኒ። «ፍየል ይዘን የገባን መስሏቸዋል።»

ዶርቃ ሳቀች። ከጠዋት ጀምሮ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

ዕለቱ ቅዳሜ ሰኔ 17 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 1995። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ኖርድኤንድ ሰፈር በሚገኘው የጀርመኖች ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ዶርቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን መድረክ ላይ ትወጣለች። ባራታናትያም የሚባለውን የደቡብ ሕንድ ዳንስ ሰባት ዓመት ተምራለች። እንዲህ ያለው ቀን ለአንድ ተማሪ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ለብቻዋ ትደንሳለች፤ ከዚያ በኋላ ተማሪ ብቻ ብሎ የሚጠራት የለም።

ነገሩ የተጀመረው በመጥረጊያ ነበር። የዶርቃ ወላጆች የሚያመልኩበት የኢትዮጵያውያን ጉባኤ ያንኑ አዳራሽ እሑድ እሑድ ይከራየዋል። እናቷ ሙሉወርቅ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለማጽዳት ስትሄድ ልጅቷን ታስከትል ነበር። ቅዳሜ ደግሞ አዳራሹ ዳንስ የምታስተምረው የሕንዳዊቷ ወይዘሮ፣ የፍራው ሴልቫራኒ፣ ነው። ዶርቃ በዘጠኝ ዓመቷ መጥረጊያውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ አየች። ከዚያን ቀን ወዲህ የጠረገችው እናቷ ብቻ ናት።

መጀመሪያ ላይ ያስቸገራት ትከሻዋ ነበር። በዚህ ዳንስ እግር መሬቱን ሲመታ ከወገብ በላይ ያለው አካል እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የዶርቃ ትከሻ ግን ለእግሯ መልስ ይሰጥ ነበር። በየሠርጉ ያየችውን ሳታውቀው ሸምታለች። ፍራው ሴልቫራኒ በያዘችው ዱላ የትከሻዋን ጫፍ ነካ እያደረገች ሁለት ዓመት ደከመች። ጽገወይኒም ልጅቷን ደረጃ ላይ ባገኘቻት ቁጥር «ትከሻሽ ዛሬስ ቤቱ ነው ወይስ ጎንደር ሄዷል?» እያለች ትቀልድባት ነበር።

ጽገወይኒ ከመምህርቷ ጋር የተዋወቀችው አሁን ካርቶኑ ውስጥ ባለው የዳንስ ልብስ ምክንያት ነው፤ የሰፋችው እሷ ናት። ፍራው ሴልቫራኒ ባንሆፍስፊርቴል በሚባለው ሰፈር ከባሏ የቅመም ሱቅ በላይ ባለው ቤት ትኖራለች። ጽገወይኒ ለልኬትና ለሐር ጨርቁ ሦስት ጊዜ ሄዳለች። የሁለቱም ጀርመንኛ ስብርባሪ ስለነበረ በደንብ ተግባቡ። አንዷ ቃል ሲጠፋት ሌላዋ ትጠብቃታለች፤ የሚቸኩል አልነበረም።

በሁለተኛው ቀን መምህርቷ ስለ አያቷ ነገረቻት። አያትየው በደቡብ ሕንድ ታንጃቩር በምትባል ከተማ ለቤተ መቅደስ ከሚሰጡ ሴቶች ወገን ነበሩ። በሰባት ዓመታቸው ተሰጡ፤ ጠዋትና ማታ መብራት በአምላካቸው ምስል ፊት ሲዞር ይደንሱ ነበር። ዛሬ የሚደነስበትን ቅደም ተከተል፣ ከቀላል እንቅስቃሴ ተነሥቶ ወደ ረጅሙና ታሪክ ወደሚነገርበት ክፍል የሚሄደውን፣ ያበጁት በዚያው ከተማ የንጉሥ ግቢ ያገለገሉ አራት ወንድማማቾች ናቸው ይባላል፤ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ኋላ ግን እንግሊዞቹም የተማሩት የአገሩ ሰዎችም ነገሩን ነውር አሉት። የሴቶቹ ስም ጠፋ። በመጨረሻም ሕግ ወጥቶ ለመቅደስ መሰጠትም እዚያ መደነስም ቀረ። በዚያው ዘመን የትልልቅ ቤት ልጆች ያንኑ ዳንስ ተምረው በአዲስ ስም ቲያትር ቤት አሳዩት፤ ሕዝቡም አጨበጨበላቸው። አያትየው ቃጭላቸውን ሩዝ ማስቀመጫ ውስጥ ከተቱና ዳግመኛ አላሰሩም። የልጅ ልጃቸውን ያስተማሩት ወጥ ቤት ተቀምጠው፣ እንጨት ላይ በዱላ እየመቱ ነው።

«አያቴ ቆመው ሲያሳዩኝ አላየሁም» አለች ፍራው ሴልቫራኒ። «በአፋቸው ነገሩኝ። ሲናገሩ እጃቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር።»

ጽገወይኒ ይህን ስትሰማ መርፌዋን አስቀምጣ ነበር።

ባቡሩ ባንሆፉ፣ ዋናው የባቡር ጣቢያ ጋ ሲደርስ ተሳፋሪው ግማሽ በግማሽ ተቀየረ። ዶርቃ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ምቱን በጣቶቿ ትቆጥር ጀመር። ጽገወይኒ ልጅቷን በጎን እያየች የአባቷን ነገር ታስብ ነበር።

የዶርቃ አባት አድነው በአየር ማረፊያው ጭነት ክፍል ይሠራል፤ በጉባኤው ደግሞ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነው። ዳንሱን ሙሉወርቅ ለምናው እንጂ ወዶ አልፈቀደም። ምስል ፊት መስገድ አይኖርም ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ መምህርቷ መድረኩ ላይ ከመብራት በቀር ምንም እንደማይቀመጥ ነገረችው። ልጅቷ መሬቱን በእጇ ነክታ ዓይኖቿን የምትዳስሰው ልትረግጠው ስለሆነ ይቅርታ ለመጠየቅ ነው አለችው። አድነው ጥቂት አስቦ፣ ይቅርታ መጠየቅስ ምን ኃጢአት አለው ብሎ ያንን ተወው። አንድ ቀን ግን ልጁን ሊወስድ መጥቶ ልምምዷን አየ። ጉልበቶቿ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተከፍተው፣ ወገቧ ዝቅ ብሎ አየ።

በማግስቱ ጽገወይኒ ቤት መጣና ጃኬቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። የጉባኤው መሪ ኢማኑኤል ስለ ልጅቷ ዳንስ ሰምቶ ጠይቆት ነበር። አድነው ነገሩን አድበስብሶ አልፎት ነበር።

«አደይ፣ ዳንሱ ለእኔ አይገባኝም» አላት፤ በእሷው ትግርኛ እናቴ ማለቱ ነው። «ልብሱን የሚሰፉት ግን አንቱ ነዎት። ጉልበቷ ሲለያይ ሰው የሚያየው ነገር እንዳይኖር። ቃል ከሰጡኝ እመጣለሁ፤ ዝም ብዬም አያለሁ። አለዚያ ከመሃል አንሥቼ ይዣት እወጣለሁ፤ ከዚያ በኋላ ዳንስ የሚባል ነገር የለም።»

ጽገወይኒ ቃል ሰጠችው።

ልብሱ ሲታይ ቀሚስ ይመስላል እንጂ ሱሪ ነው። በሁለቱ እግሮች መሃል፣ ከወገብ በታች እስከ ቁርጭምጭሚት፣ እንደ ማራገቢያ የታጠፈ ሐር ይሰፋበታል። መምህርቷ ለናሙና የሰጠቻት አሮጌ ልብስ ላይ እጥፋቱ እንደ ልቡ የሚከፈት ነበር። ለጽገወይኒ የታያት ገላ የሚያሳይ ክፍተት ነው። ስለዚህ ሱሪውን ሰፍታ ከጨረሰች በኋላ፣ ከጭን ጀምራ እስከ ታች፣ እጥፋቶቹን እርስ በርሳቸው በሐር ክር ሰፋቻቸው። ስፌቱ ከውጭ አይታይም። ጥቃቅን ስፌት ነው፤ እንዲህ ጥሩ አድርጋ ከሰፋች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ለመምህርቷ አልነገረቻትም። ፍራው ሴልቫራኒም አዲሱ ልብስ ከዕለቱ በፊት እንዳይለበስ የምትል ሰው ስለሆነች፣ ዶርቃ ሙሉውን ለብሳው አታውቅም።

አዳራሹ ሲደርሱ ስምንት ሰዓት ሊሆን ነበር። ጉባኤው ከበሮዎቹንና የመዝሙር መጻሕፍቱን በሚያስቀምጥበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሙሉወርቅ ቀድማ መጥታ ልብስ መስቀያ አዘጋጅታለች። ልጅቷን ሁለቱ ሆነው አለበሷት። ሐሩ አረንጓዴ ነው፤ ጠርዙ ቀይ ከወርቅማ ክር ጋር። ሙሉወርቅ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ አየችና ዓይኗን ጠረገች። ጽገወይኒ ደስ አላት።

በሩ ላይ ቆማ የነበረችው ፍራው ሴልቫራኒ ግን ማየት ብቻ አልበቃትም። ዱላዋን ይዛ መጣችና ልጅቷን «ተቀመጪ» አለቻት።

ዳንሱ በሙሉ የሚወለደው ከዚህ አቋቋም ነው። ተረከዞች ይገጥማሉ፤ የእግር ጣቶች ወደ ጎን ይዞራሉ፤ ጉልበቶች ወደ ውጭ ይከፈታሉ፤ ወገብ ግማሽ መንገድ ወርዶ ይቆማል፤ ጀርባ አይጎብጥም። ግማሽ መቀመጥ ይሉታል። እግር የሚመታው፣ እጅ የሚዘረጋው፣ ዓይን የሚዞረው ከዚያ ላይ ሆኖ ነው።

ዶርቃ ልትቀመጥ ሞከረች። ጉልበቷ አንድ ስንዝር ያህል ተከፍቶ ቆመ። የተሰፋው ሐር ወጠራት። ትንሽ ስትገፋ የሱሪው እግር ወደ ላይ ተሳበና ባቷ ወጣ፤ ወገቧ ጋ ደግሞ ጨርቁ እንደ መቀደድ ጮኸ።

«ጌት ኒሽት» አለች ዶርቃ በትንሽ ድምፅ። አልሆነም ማለቷ ነው። ፊቷ አመድ መሰለ።

መምህርቷ ተንበርክካ እጥፋቱን በጣቷ ዳሰሰች። ስፌቱን አገኘችው። ቀና ብላ ጽገወይኒን አየቻትና ማን ዘጋው ብላ ጠየቀች። ቁጣ አልነበረባትም። ጽገወይኒ እኔ ነኝ አለች፤ ለልጅቷ ጨዋነት ብዬ ነው፤ ለአባቷ ቃል ሰጥቼ ነው። መምህርቷ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ሃምሳ ደቂቃ ቀርቷል።

ጽገወይኒ ለመፍታት መቀስ ይዛ ልጅቷ እግር ሥር ተንበረከከች። «አንዴ እንደገና ሞክሪ» አለቻት። ዶርቃ ሞከረች። ባቷ እንደገና ወጣ። ያን ጊዜ ጽገወይኒ ጨርቁን እንደ ልብስ ሰፊ አየችው። ሱሪውን ወደ ላይ የሚስበው የራሷ ስፌት ነው። ጉልበት ሲከፈት መሃሉን የሚሞላ ጨርቅ ያስፈልጋል፤ እጥፋቱ የተሠራው ለዚያ ነው። የታጠፈው ሐር ሲከፈት በሁለቱ እግር መሃል እንደ መጋረጃ ይዘረጋል። ይህን ያሰበችው ሴት፣ ማንም ትሁን፣ ከጽገወይኒ ቀድማ ስለ ጨዋነት አስባለች። ጽገወይኒ የዘጋችው የሚሸፍነውን ነው።

ጆሮዋ ድረስ ሞቃት።

ቶሎ መፍታት ትችል ነበር። ከክፍሉ ውጭ ማንም አያያትም። አድነው ግን መድረክ ላይ ሲከፈት ያያል፤ ቃሏን ያፈረሰች ይመስለዋል፤ ከመሃል ይነሣል። መቀሷን ኪሷ ውስጥ ከተተችና ተነሥታ ወጣች።

አድነው አዳራሹ ውስጥ ወንበር እየደረደረ ነበር። ማንም አላዘዘውም። እሑድ እሑድ የሚደረድረው እሱ ስለሆነ ቆሞ ማየት አልቻለም።

«አድነው፣ ልጄ፣ ና እስኪ።»

«ምነው አደይ? አመማት እንዴ?»

«እሷ ደህና ናት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ወደ ጠባቡ ክፍል ይዛው ገባች። አድነው ልጁን በዚያ ልብስና በተኳሉ ዓይኖቿ ሲያያት ግር ብሎት የመዝሙር መጻሕፍቱን ያይ ጀመር። ጽገወይኒ ከመጀመሪያው ነገረችው፤ እንዴት እንደሰፋችው፣ ለምን እንደሰፋችው፣ አሁን ምን እንዳየች። መፈታት አለበት አለችው።

«ቃል ሰጥተውኝ ነበር» አለ አድነው ቀስ ብሎ።

«ሰጥቻለሁ። ሳልፈታው የጠራሁህ ለዚያ ነው። አይተህ አይሆንም ካልክ ራሴ ወጥቼ ለሰዉ እነግራለሁ፤ ልብስ ሰፊዋ አበላሽታው ነው የቀረችው እላለሁ። ባንተ አይሳበብም፤ በልጅቷም አይሳበብም።»

ከአዳራሹ ቀድመው የመጡ ሰዎች ወንበር ሲጎትቱ ይሰማል።

«ፓፓ፣ ጉክ ማል» አለች ዶርቃ። እየኝ ማለቷ ነው። ማንም ሳያዛት ተቀመጠች፤ ሐሩ ወጠረ፤ ሱሪው ተሳበ፤ ባቷ ወጣ። አድነው ፊቱን መልሶ ወደ መጻሕፍቱ አዞረ።

«ይኸውልህ የእኔ ጨዋነት» አለች ጽገወይኒ። «አሁን ከላይ አንድ ስንዝር ልፍታና ደግሞ እይ።»

ጽገወይኒ መቀሷን አወጣች፤ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ወደ ታች አወረደችና ክሩን አንድ በአንድ በጠሰች። ስንዝር ሲሞላ ልጅቷን ነካ አደረገቻት። ዶርቃ ተቀመጠች። የተፈታው ሐር ከጭኖቿ መሃል ተዘርግቶ ወረደ፤ ቀዩ ጠርዝ እንደ ቅስት ሆነ፤ ከታች ብቻ፣ ያልተፈታው ጋ፣ ገና ይይዛል። ከመሃል የሚታይ አንዳች ነገር የለም፤ ያለው ሐር ነው። ሱሪው ካለበት አልተነቃነቀም።

አድነው ረጅም ጊዜ አየ። ጎንበስ ብሎ የታችኛውን ጠርዝ ተመለከተ።

«ከሥሩ ሱሪ አለ እንዴ?»

«ካንተ ሱሪ ይረዝማል» አለች ጽገወይኒ።

ሙሉወርቅ አፏን በእጇ ሸፈነች። ፍራው ሴልቫራኒ ምን እንደተባለ ባይገባትም በሳቅ የሚንቀጠቀጠውን የሙሉወርቅን ትከሻ አይታ ፈገግ አለች።

አድነው ቀና አለ። ጃኬቱን አውልቆ ከበሮው ላይ ጣለውና «ስንት ደቂቃ አለን?» ብሎ ጠየቀ።

ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነበር። ስፌቱ ጥቃቅን ስለሆነ በአንድ ሰው እጅ አያልቅም። ዶርቃ ወንበር ላይ ቆመች፤ አድነው ሐሩን ከታች በሁለት እጁ ወጥሮ ያዘ፤ ጽገወይኒ በጠሰች፤ ሙሉወርቅ ክሩን ለቀመች። በጭነት ክፍል የሠራ እጅ ጨርቅ እንዴት እንደሚወጠር ያውቃል፤ አልጠበቀም፣ አልላላም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንቱም ሲሰፉ ሰፍተውታል አደይ፣ አውሮፕላን ቢጎትተው አይለቅም ብሎ አጉረመረመ። ጽገወይኒ አፌን አታስከፍተኝ፣ መቀስ ይዣለሁ አለችው። የመጨረሻው ክር የተበጠሰው ስድስት ደቂቃ ሲቀር ነው።

ዶርቃ ቃጭሎቿን አሰረችና ወጣች።

አዳራሹ ሞልቷል ማለት ይቻላል። ከፊት የመምህርቷ ወገኖች ከነልጆቻቸው፣ ከመሃል ጀርመኖች፣ ከኋላ የሽቫንሃይም ጎረቤቶች ተቀምጠዋል። አድነው የመጨረሻው ረድፍ ላይ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ጽገወይኒ ከእሱ ቀጥላ ተቀመጠች። ፍራው ሴልቫራኒ መድረኩ ጥግ መሬት ላይ ተቀምጣ እንጨቷን ፊቷ አደረገች፤ በዱላዋ መታችና በአፏ ምቱን ጠራች።

ዶርቃ መሬቱን ነካች። ከዚያ ጀመረች። የመጀመሪያው ክፍል አጭር ነው። መጀመሪያ ዓይን ብቻ ወደ ቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ቀጥሎ አንገት፤ ቀጥሎ ክንዶች፤ ሰውነት በየተራው ይነቃል። ምቱ ሲጠነክር ዶርቃ ወረደች። ጉልበቶቿ ተከፈቱ፤ ሐሩ ከላይ እስከ ታች ተዘረጋ። እግሯ መሬቱን መታ፤ ሁለት መቶው ቃጭል እንደ አንድ ጮኸ። ትከሻዋ አልተነቃነቀም።

ጽገወይኒ ዓይኗ ጨርቁ ላይ ነበር። የሱሪው ስፌት ይዟል። ወገቡ አልተቀደደም። ሁለተኛው ክፍል አለፈ፤ ሦስተኛው አለፈ። ረጅሙ ክፍል ሲመጣ ዶርቃ በእጆቿ ትናገር ጀመር። ጣቶቿ አንዴ አበባ፣ አንዴ ወፍ፣ አንዴ የተዘጋ በር ሆኑ። የምትጠብቀው ሰው አለ፤ አልመጣም፤ ሰው ልትልክበት ነው። ቋንቋውን ጽገወይኒ አታውቀውም። ሆኖም ልጅቷ መዳፏን ግንባሯ ላይ አድርጋ ሩቅ ስታይ እሷም ወደዚያው አየች። ከዚያ በኋላ ጨርቁን ረሳችው።

በዚህ መሃል የኋላው በር ተከፈተ። የገባው ኢማኑኤል ነው። ለነገው ጉባኤ ማይክሮፎኑን ሊያይ መጥቶ ኖሯል። መድረኩን አየ፤ የተኳሉ ዓይኖችን፣ ቃጭሉን፣ የሚወርደውንና የሚወጣውን ጉልበት አየ። ከዚያ ወደ አድነው ጎንበስ አለና ይህ ምንድን ነው ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀው።

አድነው እጁን ዘርግቶ አጠገቡ ያለውን ባዶ ወንበር ወደ ኢማኑኤል ሳበለት።

«ልጄ ናት» አለው። «ገና አልጨረሰችም። ተቀመጥ፣ ወንድሜ፤ በቆምክበት የኋላውን ሰው ትጋርዳለህ።»

ከኋላቸው ሰው አልነበረም። ኢማኑኤልም ዞር ብሎ ይህንን አየ። ቢሆንም ተቀመጠ።

መድረኩ ላይ ዶርቃ እንደገና ወረደች፤ መምህርቷ እንጨቱን መታች። ጽገወይኒ ከጠዋት ጀምሮ ጀርባዋ ወንበር እንዳልነካ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ተደገፈች።